ስለ ቱርክ ምግብ ቤታችን፦ ለሕንጻው ባለቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሕንጻው ባለቤቶችና የአስተዳደር ኩባንያው ኃላፊዎች፣

እኛ ፍራንክፈርት፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በሕንጻችሁ ሥር ያለው የቱርክ ምግብ ቤት ደንበኞች ነን። ኢትዮጵያውያን ነን። አብዛኞቻችን አየር ማረፊያው ውስጥ እንሠራለን፤ ጽዳት፣ ሻንጣ፣ ካርጎ፣ የአውሮፕላን ምግብ ዝግጅት። ነርሶችና የታክሲ ሾፌሮችም አሉን። ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶችም አሉን።

የዚህ ደብዳቤ ጀርመንኛ ቅጂ በአደራ ፖስታ ተልኮላችኋል። አማርኛውን ያወጣነው የኛ ሰዎች አንብበውት እንዲፈርሙበት ነው።

ጉዳያችን ይህ ነው። የኪራይ ውሉ ሲያበቃ እንደማይታደስ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ጽፋችኋል። ቦታው ታድሶ ለአዲስ ተከራይ ይሰጣል ብላችኋል። መቆየት እፈልጋለሁ ስትላችሁ ደግሞ አሁን ከምትከፍለው ከእጥፍ በላይ ኪራይ ጠራችሁባት። እኛ ስንጽፍላችሁ በሦስት መስመር መለሳችሁልን፦ ጉዳዩ የአከራይና የተከራይ ነው፣ በአካባቢው ደግሞ በቂ የምግብ አማራጭ አለ።

በመጀመሪያው ነጥብ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ጀርመን ውስጥ የመኖሪያ ቤት ተከራይን ዝም ብሎ ማስወጣት አይቻልም፤ አከራዩ ሕግ የሚቀበለው ምክንያት ማቅረብ አለበት። የንግድ ቤት ተከራይ ግን ይህ ጥበቃ የለውም። የጊዜ ገደብ ያለው ውል ቀኑ ሲደርስ ያበቃል፣ አለቀ። ስለዚህ ፍርድ ቤት እንሄዳለን ብለን አናስፈራራችሁም። በሁለተኛው ነጥብ ግን ተሳስታችኋል። ይህን ሁሉ የምንጽፈውም በሱ ምክንያት ነው።

ምግብማ ሞልቷል። ከጣቢያው በር እስከ ማይን ወንዝ ድረስ ዶነር የሌለበት መንገድ የለም። የዶነር እጥረት አለብን ብለን አልጻፍንላችሁም።

ከሰዓቱ እንጀምር። ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ የሌሊት በረራ ተከልክሏል። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። አውሮፕላኑ ይተኛል እንጂ ሥራው አይተኛም። ሲጸዳ፣ ሲጫን፣ ሲደረደር ይታደራል። የማታው ፈረቃ የሚለቀቀው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። የንጋቱ ፈረቃ የሚገባው ገና ጨለማ ሳለ ነው። በከተማው ባቡር በኤስ-ባን ተሳፍረን ዋናው ጣቢያ ስንወርድ፣ በዚያ ሰዓት ክፍት የሆነው ሁሉ ቆሞ ተበልቶ የሚኬድበት ነው። ወንበር ያለው፣ መብራቱ ዓይን የማይወጋ፣ ካፖርት አውልቆ የሚቀመጡበት ቤት ይሄ አንዱ ብቻ ነው።

የምግብ ቤቱን ባለቤት አብላ እንላታለን። ቱርኮቹ ታላቅ እህታቸውን እንደዚያ ይጠራሉ፣ እኛም ለመድነው። አብላ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ፊቱን ታያለች፣ ትእዛዝ የምትቀበለው በኋላ ነው። የደከመው ሰው ሾርባው ሳይጠይቅ ይመጣለታል። ከተበላ በኋላ ወገቧ በቀጠነች ብርጭቆ ሻይ ይመጣል፤ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ብርጭቆው ሲያልቅ ይሞላል። ማንኪያውን ብርጭቆው ላይ ካላጋደሙት መሙላቱን አይተዉም። አንድ ሻይ ይዞ ሁለት ሰዓት ለተቀመጠ ሰው "ሌላ ምን ልታዘዝ?" የሚል አስተናጋጅ የለም። የቱርክና የአዘርባጃን የሻይ ባህል እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ የቱርክ ቡናም ከዚያ በፊት በ2013። እኛ ቤቱን የወደድነው ግን ከመዝገቡ በፊት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን።

"በቂ አማራጭ አለ" ስላላችሁት። ከመካከላችን አንድ ጋሼ አሉ። በደርግ ዘመን በሱዳን አድርገው ጀርመን የገቡ፣ ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ስኳር አለባቸው። አብላ ሻይ ስታቀርብላቸው እንክብል ስኳሩን ከማስቀመጫው ላይ ታነሳዋለች። እሳቸው ይቆጣሉ፣ እሷም ትቆጣለች፣ ሁለቱም በተሰባበረ ጀርመንኛ ይጨቃጨቃሉ። እስካሁን ጋሼ አሸንፈው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ባቡር ውስጥ ወደቁ። ሆስፒታሉ የደወለው ለምግብ ቤቱ ነው። ከጤና መድኅን ካርዳቸው ጋር ኪሳቸው ውስጥ በነበረችው ወረቀት ላይ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው በሚለው ቦታ፣ የምግብ ቤቱን ስልክ ነበር የጻፉት። ልጅ የላቸውም። እህታቸው ያሉት ጎንደር ነው። አስተናጋጁ ልጅ ሽርጡን ሳያወልቅ ሮጦ ሄደ፣ አብላ ለኛ ደወለች። ማታ ነርሷ "ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ" እስክትል ድረስ አልጋቸውን ከበነው ነበር። አሁን ጋሼ ድነዋል፣ ስለ ስኳሩም መጨቃጨቃቸውን ቀጥለዋል።

እንግዲህ እንጠይቃችሁ። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ጋሼ ወረቀታቸው ላይ የማንን ስልክ ይጻፉ? ማዶ ያለውን የበርገር ቤት?

በእድሳት ዕቅዳችሁ ላይ የኋላውን ክፍል "መጋዘን" ብላችሁታል። ስለዚያ ክፍል የማታውቁትን እንንገራችሁ።

በኛ ባህል የቅርብ ሰው የሞተበት ሰው በስልክ አይነገረውም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በአካል ሄዶ ነው የሚያረዳው። ለብቻው ሆኖ እንዳይሰማው ነው። ፍራንክፈርት ላይ ይህን ማድረግ ትልቅ ፈተና ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ለቅሶ የሰማ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ተጠርቶብንም ያውቃል። ጎረቤቱንም አንፈርድበትም፤ ሰው እየተደበደበ መስሎት ነው።

አንዲት እህታችን እናቷ ደሴ ላይ አረፉ። እሷ ሌሊት ፈረቃ ላይ ነበረች። ዘመዶቿ ለኛ ደወሉ። ጭንቀቱ ፌስቡክ ላይ ሳታየው መድረስ ነበር። አብሯት የሚሠራ ልጅ "ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ" ብሎ ተቀበላትና እስኪነጋ ድረስ ደበቀው። እኛ አብላን ከእንቅልፏ ቀሰቀስናት። ለምን እንደፈለግናት ስንነግራት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ከመክፈቻዋ ሰዓት በፊት መጥታ በሩን ከፈተች፣ የኋላውን ክፍል ጠረጴዛዎች ወደ ጥግ ገፋች፣ ወንበሮቹን ዙሪያውን ደረደረች። እህታችን ከሥራ ስትወጣ ቁርስ እንብላ ብለን ይዘናት መጣን። ሁሉም ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጦ ስታይ ገባት።

ጮኸች። ደረቷን መታች። እናቷን እየጠራች ወለሉ ላይ ወደቀች። ፊት ለፊት ቁርስ ይበሉ የነበሩ ቱርኮች ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተነሱ፤ የተወሰኑት መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ማንም ፖሊስ ጋ አልደወለም። አብላ የሎሚ ኮሎኛ (ሽቶ) አምጥታ እጆቿ ላይ አፈሰሰችላት፣ ግንባሯን ጠረገችላት፣ አጠገቧ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ወጥ ቤት ገባች። ሰሞሊና በቅቤ ሲቆላ ሸተተን። ቱርኮች ሰው ሲሞት የሚሠሩት ሃልቫ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሁሉ እስኪሞላ ይቆላል። ተሠርቶ ሲመጣ አንዷ ጠጋ ብላ ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን፣ እኛም እንደምንጾም ነገረቻት። አብላ ሳህኑን መልሳ ለፊተኞቹ ደንበኞች አደለችው። ለኛ በዘይት እንደ አዲስ ሠራች።

ለተከታታይ ቀናት ለቅሶ የተደረሰው እዚያው ክፍል ነው። በመጨረሻ ሒሳብ ስንጠይቃት ያየናት ቁጣ ለጋሼ ከምታሳየው የባሰ ነበር። የካፖርት ኪሷ ውስጥ ገንዘብ ለመክተት ሞክረንም ያዘችን።

መጋዘን ያላችሁት ይህን ክፍል ነው። የእቁባችን ዕጣ የሚወጣውም እዚያ ነው። አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) የጀመሩ ልጆቻችን ለፈተና የሚያጠኑትም እዚያ ነው። አንድ እሑድ ጀበና አምጥተን ቡና አፍልተንበት ነበር፣ ዕጣኑ የጭስ ማስጠንቀቂያውን አስጮኸና ያ በዚያው ቀረ። በዚህኛው ጉዳይ ብቻ የጻፋችሁልን ማስጠንቀቂያ ትክክል ነው።

ስለ ጾም ካነሳን አይቀር። ከመካከላችን ኦርቶዶክስም ሙስሊምም አለን። ኦርቶዶክሶቹ ውስጥ የዚያን ቤት ሥጋ የማይበሉ አሉ፤ ምክንያቱን የሀገራችን ሰው ያውቀዋል። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ነገር ቅሬታ ይፈጥር ነበር። አብላ ግን ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም። በወይራ ዘይት የተሠራ ፋሶሊያ፣ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል፣ የተጠበሰ ደበርጃን ታቀርባለች። የቱርክ ወጥ ቤት እንዲህ ያለ ከሥጋም ከቅቤም ነጻ የሆነ ምግብ ሞልቶታል። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን ገቡ፣ መጋቢት 2። ያን ሰሞን የነበረውን ማዕድ ያላየ ሰው እንዲገባው ማድረግ ያስቸግራል። ተምር፣ ምስር ሾርባ፣ ከምድጃ የወጣ ትኩስ የፒዴ ዳቦ። ሾርባው ላይ የሚፈሰው ቅቤ ለሁዳዴ ጿሚው ሳይፈስ ይቀዳለታል። የወሎና የጅማ ልጆች ጀንበር እስክትጠልቅ ሲጠብቁ፣ ክርስቲያኖቹም አብረው ይጠብቃሉ። ጓደኛቸው ሳይቀምስ መጀመር ነውር ሆኖባቸው ነው።

በዚያ ሰሞን ከናንተ የደረሰው ደብዳቤ "በመተላለፊያው ላይ የሰዎች መሰብሰብ" የሚል ነበር። ቀጥሎ በመስኮቱ ሥር የነበረችው አግዳሚ ወንበር ተነሳች። በቦታዋ ሁለት ትልልቅ የአበባ ማሰሮዎች አስቀመጣችሁ። ውሃ የሚያጠጣቸው ሰው የለም፣ አበባዎቹም ደርቀዋል። አግዳሚዋ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችና ሻንጣ ይዘው ባቡር የሚጠብቁ መንገደኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች መንገድ የዘጉበትን አንድ ቀን እንኳ ብትነግሩን ጥሩ ነበር።

ማሞቂያው። ባለፈው በጋ፣ ማለትም እዚህ ክረምት ሲሆን፣ የምግብ ቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ለሳምንታት ሳይጠገን ከረመ። አብላ በተደጋጋሚ ጻፈችላችሁ፣ መልሱ ሁልጊዜ "ቴክኒሺያን ይመጣል" ነበር። ፎቅ ላይ ያሉት ቢሮዎች ማሞቂያቸው በዚያው ሳምንት ተሠርቶላቸዋል። እኛ ካፖርት ለብሰን ሾርባ ጠጣን፣ እሷ ከቤቷ ብርድ ልብስ አመጣች። ያኔ አንዳንዶቻችን ያልነውን አሁን በግልጽ እንጽፈዋለን። ተከራይ በራሱ ጊዜ ተማሮ እንዲወጣ የሚደረገው እንደዚህ ነው። ሐሳባችሁ ይህ ካልነበረ ንገሩን፣ ደስ ይለናል።

ከሁሉም ያስቀየመን ግን የመንጠቆው ነገር ነው።

ከካሸሩ ጎን ግድግዳው ላይ መንጠቆ አለ። ሰው ሒሳቡን ሲከፍል ከፈለገ የአንድ ሾርባ ዋጋ ጨምሮ ይከፍላል። ደረሰኟ መንጠቆው ላይ ትሰቀላለች። የቸገረው ሰው ገብቶ አንዷን አውርዶ ይሰጣል፣ ተቀምጦ ይበላል። የከፈለው የበላውን አያውቀውም፣ የበላውም የከፈለለትን አያውቀውም። ቱርክ ውስጥ በየዳቦ ቤቱ የቆየ ልማድ ነው፤ እዚያ የሚሰቀለው ዳቦ ነው።

እናንተ ይህ ነገር "የማይፈለጉ ሰዎችን ይስባል፣ የሕንጻውን ደረጃም ዝቅ ያደርጋል" ብላችሁ እንዲነሳ ጠየቃችሁ። ሰፈሩ ምን እንደሚመስል አናውቅም አንልም። በየሌሊቱ የምናልፍበት እኛ ነን። ሱስ የጎዳቸው ሰዎች በየደጃፉ አሉ። ከሴቶቻችን ብቻቸውን ለማለፍ የሚፈሩ አሉ፣ ፍርሃታቸውም እውነት ነው። ግን ለሾርባ የሚገባው ሰው ማንንም ነክቶ አያውቅም። ደረሰኟን አውርዶ፣ በልቶ፣ "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ይወጣል። አብላ ስሙን ትጠይቀዋለች፣ በሚቀጥለው ጊዜ በስሙ ትጠራዋለች። የሚጮኽ ከመጣ ደግሞ እሷው ራሷ ታስወጣዋለች፤ በዚህ ረገድ ዘበኛ መቅጠር አያስፈልጋትም።

ከመንጠቆው የሚበሉት የሰፈሩ ሰዎች ብቻም አይደሉም። ከሃይም (ከስደተኞች መጠለያ) የሚመጡ፣ የሥራ ፈቃድ ያላገኙ የኛ ልጆች አሉ። አንዱ ዛሬ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ደሞዝ በወጣ ቁጥር መጥቶ ይሰቅላል። ያኔ ከበላው በላይ ሰቅሏል ብንለው "አልቆጠርኩም" ይላል። የማይፈለጉ ሰዎች ካላችኋቸው አንዱ እሱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። አብላን መልአክ አድርገን አልሳልናትም። ትጮሃለች። ዓርብ ማታ ምግብ ይዘገያል። ጋላታሳራይ ከፌነርባቼ ሲጫወት ቴሌቪዥኑ እስከ ጣቢያው ይሰማል፣ የተሸነፈ ማታ ደግሞ አስተናጋጆቹን ማናገር አይቻልም። በ2024 በምግብ ቤት ምግብ ላይ ያለው ግብር ከ7 ወደ 19 በመቶ ሲመለስ ዋጋ ጨምራለች፣ እኛም አጉረምርመናል። ቱርክ ሁሉ እንደሷ ነው ማለታችንም አይደለም፤ እዚያው ሰፈር ፊቱን አጥቁሮ ገንዘብህን ብቻ የሚያይ ቤት አለ። ይህን ቤት የሠራችው እሷ ናት፣ በዓመታት። ቤቱን አፍርሶ ሌላ ቦታ "የቱርክ ምግብ ቤት" ማግኘት እሷን ማግኘት አይደለም።

ለምን ከጣቢያው አጠገብ እንደከፈተችም እንንገራችሁ፣ "ሌላ ሰፈር ትሂድ" የሚል ሐሳብ ስለሰማን። ምዕራብ ጀርመንና ቱርክ የሠራተኛ ስምምነት የተፈራረሙት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30፣ 1961 ነው። አባቷ በዚያ ስምምነት መጥተው ሩሰልስሃይም የመኪና ፋብሪካ ገቡ። ያኔ የመጡ ሠራተኞች የሚኖሩት በፋብሪካ መኝታ ቤት ነበር። እሑድ እሑድ የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ባቡር ጣቢያ ይሰበሰቡ ነበር፤ በየትልልቁ የጀርመን ከተማ እንዲህ ነበር። የሀገር ሰው የሚገኘው፣ ወሬ የሚሰማው፣ ከሀገር የመጣ ሰው የሚታየው እዚያ ነው። አባቷ ቆመው ያሳለፏቸውን እሑዶች ስለሰማች፣ ምግብ ቤት ስትከፍት ሰው ከባቡር ወርዶ የሚቀመጥበት እንዲሆን ፈለገች። እኛ ከሌላ ሀገር፣ በሌላ ዘመን መጣን። እኛም ከባቡር እየወረድን ነው ያገኘናት።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 በኮሮና ምክንያት ምግብ ቤቶች ሰው ማስቀመጥ ሲከለከሉ፣ አብላ በመስኮት ሾርባ ትሸጥ ነበር። አየር ማረፊያው ጭር ብሎ ነበር፣ ብዙዎቻችን ሰዓታችን ተቀንሶ በግማሽ ደሞዝ ነበርን። የዱቤ ደብተር አወጣች። ጀርመን ሀገር ዱቤ! የቀበሌ ሱቅ እንጂ ፍራንክፈርት አይመስልም። ሁሉም ከፈለ ማለት እንፈልጋለን፣ ግን አንድ ሁለቱ ሀገር ቀይረው እንደጠፉ እናውቃለን። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የናንተን ኪራይ አንድ ወር አላሳለፈችም። መዝገባችሁን እዩት።

የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ብቸኝነትን ለመቀነስ ብሔራዊ ስትራቴጂ አጽድቋል። ሰዎች የሚገናኙባቸው ቦታዎች እንዲበዙ ይፈለጋል፣ ፕሮጀክት ይቀረጻል፣ ገንዘብ ይመደባል። መልካም ነው። እዚህ ግን ማንም ሳይመድብለት፣ ማንም ፕሮጀክት ሳይለው የሚሠራ ቦታ አለ። አስተናጋጁ ልጅ በእረፍቱ ሰዓት የጆብሴንተር (የሥራ አጦች ድጎማ ቢሮ) ደብዳቤ ያነብልናል፤ ቀጠሮ ያለፈበት፣ ቅጣት የመጣበት፣ መኖሪያ ፈቃዱ ሊያልቅ የደረሰበት ሁሉ ፖስታውን ይዞ ይመጣል። ለዚህ የሚከፍለው የለም። ቦታው ሲዘጋ በአንድ ጊዜ የሚቆመው ይህ ሁሉ ነው።

የምንጠይቃችሁ፦

ውሉ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይታደስ። ኪራይ አይጨምር አላልንም። ጭማሪው እንደ ብዙ የንግድ ቤት ውሎች ከዋጋ ንረት ጋር የተያያዘ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ እጥፍ መጥራት ግን ውጪ ማለት ነው።

ሕንጻው የግድ መታደስ ካለበት፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታዋ እንደምትመለስ በጽሑፍ ይረጋገጥላት። የኋላው ክፍልም እንደነበረ ይቆይ።

ማሞቂያው ብርዱ ሳይመለስ ይሠራ።

አግዳሚዋ ትመለስ። የአበባ ማሰሮዎቹን እኛ ተሸክመን የምታሳዩን ቦታ እናደርሳቸዋለን።

ስለ መንጠቆው የጻፋችሁት ደብዳቤ ይነሳ። የጸጥታ ስጋት ካላችሁ ከአብላና ከኛ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ለዚያም ሆነ ለሌላው፣ ከናንተ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው በአካል ይምጣና ያነጋግረን። እስካሁን በሩን አልፎ የገባ ኃላፊ የለም። ለእናንተ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ይመቻል፣ ለኛ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ። በየትኛውም እንመጣለን።

መልሳችሁን እስከዚህ ወር መጨረሻ እንጠብቃለን። ከሦስት መስመር ትንሽ ረዘም ቢል ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የምግብ ቤቱ ኢትዮጵያውያን ደንበኞች
(የፊርማ ዝርዝር ከጀርመንኛው ቅጂ ጋር ተያይዟል)

ደብዳቤውን ያዘጋጀው፦ በአየር ማረፊያው የካርጎ ክፍል የማታ ፈረቃ ሠራተኛና የእቁቡ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለምግብ ቤቱ ባለቤት
ለሕንጻው የላይ ፎቅ ተከራዮች